ዐይን ማርገብገብና በር መነካካት አንድ ሕመም ነው ወይስ ሁለት?

ይህን ለጠየቁኝ ወላጅ፦ የ11 ዓመት ልጅዎ ዐይኑን ማርገብገቡና የበሩን እጀታ ደጋግሞ መንካቱ የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ዘመዳሞች ናቸውና ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ላይ አብረው ይታያሉ።

የሚለያቸው ከድርጊቱ በፊት የሚሰማው ነው። በእርጋታ ይጠይቁት።

1. «ዐይኔን ይከብደኛል፣ ሳርገበግበው ይለቀኛል» ካለ ወደ ቲክ (ለመቆጣጠር የሚያስቸግር፣ ድንገት እየተደጋገመ የሚመጣ እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ) ያደላል።
2. «ካልነካሁት እማዬን ክፉ ነገር ያገኛታል» ካለ ወደ ኦሲዲ (የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም) ያደላል።

«ልክ እስኪሆንልኝ ነው» ካለዎትም አይደናገሩ፤ ሁለቱም ባሉባቸው ልጆች የተለመደ ነው። ሕክምናቸው ስለሚለያይ ለሐኪሙ አንዱን ብቻ ነግረው እንዳይመለሱ።

አደራ፣ «ተው!» እያሉ አይቆጡት። ከለገጣፎ መገናኛ በታክሲ ስንሄድ ወንድሜ አንገቱን ሲወዘውዝ ሰው አየን ብለን እንቆጣው ነበር። መንገዱን ሙሉ አንገቱን አፍኖ ይይዛል፤ ገና ከታክሲው ሲወርድ ግን እንባው እየፈሰሰ ደጋግሞ ይወዘውዘው ነበር።