«ጠዋት የገባሁትን ቃል ማታ አፈርሰዋለሁ»

ጥያቄ፦
ይድረስ ለጋሼ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጠዋት ስነሣ «ዛሬ አልቆጣም» ብዬ ለራሴ ቃል እገባለሁ። ማታ ደክሞኝ ስገባ ትንሹ ልጄ የቤት ሥራውን ሳይነካ ይጠብቀኛል፤ ያኔ ቱግ እላለሁ። ከጮህኩበት በኋላ ደግሞ በጸጸት ስገላበጥ አድራለሁ። ስለ ትዕግሥት ያላነበብኩት ምክር የለም። ሰሞኑን በሩን ስከፍት ልጄ ሳቁን ሲያቆም ሰማሁት። እናቴም ቁጡ ነበረች፤ ታላቅ እህቴ «አመል ነው፣ አይለቅም» ትለኛለች። እውነት በዚህ ዕድሜ ሰው ይለወጣል? ከየትስ ልጀምር?
ከራሷ ጋር የተጣላች እናት

መልስ፦
እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ «ሳቁን ሲያቆም ሰማሁት» ያልሽው ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ እኔም ቤት የሚመስለው ነገር ደርሷል።

የእኔ አመል ቁጣ አልነበረም፤ የሰው ንግግር ከአፉ መንጠቅ ነበር። ሰው ሁለት ቃል ከተናገረ ሦስተኛውን እኔ እጨርስለታለሁ። ፈጥኖ መረዳት ይመስለኝ ነበር እንጂ ነውርነቱ አልታየኝም። አንድ ማታ ልጄ፣ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር፣ አጠገቤ ተቀመጠችና «ዛሬ እኮ መምህራችን...» ብላ ጀመረች። «ፈተናውን መለሰላችሁ አይደል?» አልኳት። ትንሽ አየችኝ፤ «አዎ» ብላ ተነሥታ ሄደች። ለእናቷ ስታወራ የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። ልትነግረኝ የነበረው ስለ ፈተናው አልነበረም። መምህሩ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ አልቅሶ ነበር። ይህን ሁሉ ቀን ብቻዋን ይዛው ከርማለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጥሩ አዳማጭ እሆናለሁ» ብዬ ወሰንኩ። ወራት አለፉ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ዛሬ ሳስበው ስህተቱ ገብቶኛል። «ጥሩ አዳማጭ» መሆን የት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በየትኛው እጅ ነው የሚሠራው? ውሳኔዬ መያዣ አልነበረውም። የሠራልኝ በጣም ትንሽ ነገር ነው፦ እራት ላይ ሰው መናገር ሲጀምር መዳፌን ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ፤ ተናጋሪው ጨርሶ እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ እስክተነፍስ እጄ አይነሣም፣ አፌም አይከፈትም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣቶቼ እንጨቱን ሲቆረቁሩት ይታወቀኝ ነበር።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ለረጅም ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው። «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ድርጊቱን አስቀድሞ ያሰረ ሰው፣ በደፈናው ከወሰነ ሰው ይልቅ ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ ነው። የአንቺ «ዛሬ አልቆጣም» በደፈናው የተወሰነ ነው። እንዲህ ለውጪው፦ «ያልተነካውን ደብተር ሳይ፣ አንድ ቃል ከመናገሬ በፊት አጠገቡ እቀመጣለሁ።» መቀመጥ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ቆሞ ከላይ ወደ ታች መጮህ ይቀላል፤ ጉልበትሽ ከልጁ ጉልበት ጋር ተነካክቶ፣ ፊቱን በቅርብ እያየሽ ግን ድምፅሽ ራሱ ይወርዳል። ከዚያ የቤት ሥራው መሠራት እንዳለበት ንገሪው። ትዕግሥት ማለት ውጦ ማደር አይደለም፤ ተውጦ ያደረ ቁጣ አንድ ቀን በማይገባው ሰው ላይ ይፈነዳል።

ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተይው። ትዕግሥትም፣ ትሕትናም፣ ልግስናም በአንድ ጊዜ ካልያዝኩ ማለት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። አሜሪካዊው ፖለቲከኛና ጸሐፊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በወጣትነቱ 13 ምግባራትን ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሳምንት የመደበው ይህ ስለገባው ነበር። በሳተ ቁጥር በትንሽ ደብተሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ያደርጋል። ያሰበው ሳይሆን ቀርቶ ነጥቡ በዛበት፤ እየፋቀ እንደገና ሲጠቀምበት ወረቀቱ ተበሳሳ፤ በኋላ በእርጥብ ስፖንጅ በሚጠረግ ገጽ ተካው። ዕቃን በቦታው፣ ሥራን በሰዓቱ ማድረግ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስቸገረው፤ እ.ኤ.አ. በ1784፣ በ78 ዓመቱ ሲጽፍ፣ በዚህ በኩል እንዳልተሳካለት ሳይደብቅ ተናግሯል። ይህን ስሰማ ልቤ የተነካው በነጥቦቹ አይደለም። ወረቀቱ እስኪበሳሳ ድረስ አለመተዉ ነው።

«በዚህ ዕድሜ» ላልሽው፣ ግልፍተኝነት በከፊል አብሮን ሊወለድ እንደሚችል አልክድም፤ እህትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ከውስጥ የሚነሣው ትኩሳት ላይጠፋ ይችላል። ትኩሳቱ ሲነሣ የምታደርጊው ግን በልምምድ የሚገኝ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ቀላል ድርጊት ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ገምተዋል፤ መካከለኛው 66 ቀን ነው። እዚያ የተለማመዱት ውሃ እንደ መጠጣትና እንደ መራመድ ያለውን ስለሆነ፣ ቁጣ ከዚያ ቢረዝም አትደነቂ። ከጥናቱ ለአንቺ የምወድልሽ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ቀን መሳት ልማዱን አላፈረሰውም።

ስለዚህ የሌሊቱን ጸጸት አቁሚ። ልጅሽ ተኝቷል፤ መገላበጥሽን አያይም። ትስቻለሽ፤ በሳትሽ ማግስት ጠዋት፣ ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ዝቅ በይና «ትናንት ጮህኩብህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ» በይው። «ግን አንተም...» የምትለዋ ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። «ግን» ካለበት ይቅርታው ሌላ ቁጣ ነው። ወላጅ ለልጁ ይቅርታ ከጠየቀ ይዋረዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ ለልጄ መምህሯ ያለቀሰበትን ቀን አንሥቼ ይቅርታ ስጠይቃት ያየሁት ውርደት አይደለም። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው ነገረችኝ። እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ነገ ማታ ጀምሪ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ስንት ጊዜ እንደተቆጣሽ አትቁጠሪልኝ። በሩን ስትከፍቺ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ንገሪኝ።