የጃዝ ኮርድ ሳስገባ ዘፋኙ ለምን ይጠፋበታል?

ጥያቄ፦ በሠርግና በሆቴል ምሽቶች ኪቦርድ እጫወታለሁ። ዶ፣ ሶል፣ ላ ማይነርና ፋ ብቻ እየተፈራረቁ የሚያልቁ ዘፈኖች ስለሰለቹኝ፣ ከጃዝ የለመድኳቸውን ኮርዶች በየቦታው ማስገባት ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የትዝታ ዘፈን መሀል ላይ ዜማው የጠፋበት ዘፋኝ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ከመድረክ ስንወርድም «ዘፈኑን ሌላ አደረግከው» አለኝ። ስህተቴ የቱ ላይ ነው?
የኪቦርድ ተጫዋች፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ስህተትዎ ኮርድ ማብዛትዎ ሳይሆን ኮርዱን ከዜማው በፊት መምረጥዎ ይመስለኛል። ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ የሚለወጠው ዘፋኙ በዚያች ቅጽበት የያዘው ድምፅ ታይቶ ነው። ሶልን ረዘም አድርጎ ይዟል እንበል፤ በዶ ሜጀር ላይ አምስተኛ ድምፅ የነበረችው ሶል፣ ከሥሯ ላ ማይነር ሴቨን ሲገባ ሰባተኛ፣ ፋ ሜጀር ሴቨን ሲገባ ደግሞ ዘጠነኛ ትሆናለች፤ ዘፋኙ ምንም ሳይለውጥ ቀለሟ ብቻ ይለወጣል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ሶል ሴቨንን በሬ ፍላት ሴቨን ሲተኩ ነው። ሁለቱ ኮርዶች ፋንና ሲን ስለሚጋሩ ይተካካሉ፤ ቤዙም፣ ማለትም ከሥር ያለው ወፍራም ድምፅ፣ ቀድሞ ከሚመታው ሬ ወደ ሬ ፍላት፣ ከዚያም ወደ ዶ በግማሽ በግማሽ ድምፅ ሲወርድ ለጆሮ ደስ ይላል። ዘፋኙ እዚያ ቦታ ላይ ሚን ወይም ሶልን ከያዘ ያምራል፤ ዶን ከያዘ ግን በኮርዱ ውስጥ ካለችው ሲ ጋር ይጋጫል። ዘወር ብሎ ያየዎት ምናልባት እዚህ ላይ ይሆናል።

የትዝታው ጉዳይ ከዚህም ይለያል። ትዝታ ሜጀር የተባለው ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ሲሆን የሌሉበት ፋና ሲ ናቸው፤ ሶል ሴቨንን ወደ ዶ የሚገፉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ሬ ማይነር ሴቨን፣ ሶል ሴቨን፣ ዶ እያሉ በተመላለሱ ቁጥር ቅኝቱ የተወውን መልሰው እያስገቡበት ነውና፣ ዜማው ሳይነካ የትዝታነቱ ለዛ ይጠፋል።

ይልቅ ቅኝቱ ራሱ የሚሰጥዎትን ይሞክሩ። አምስቱን ድምፆች ከሚ ጀምረው በአራተኛ ርቀት ወደ ላይ ቢደረድሯቸው ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ይሆናሉ፤ አንድም እንግዳ ድምፅ ሳይገባ የጃዝ ፒያኒስቶች የሚወዱት ክፍት ኮርድ ይወጣል። በግራ እጅዎ ሚን፣ ላንና ሬን፣ በቀኝዎ ሶልንና ዶን ይያዙና ቤዙን ብቻ ከዶ ወደ ላ፣ ከዚያም ወደ ፋ ያውርዱት። ፋ እንግዳ ብትሆንም ከሥር ስለምትመጣ ዘፋኙን አታውክም።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ባስቀረጹት «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ውስጥ «ኩሉን ማን ኳለሽ» አለ፤ ለሠርግ ተጫዋች ከዚህ የቀረበ ትምህርት አላውቅም። በአልበሙ ቤዙ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል እንጂ ኮርዱ በየምቱ አይለዋወጥም።

አንቺሆዬ የተባለውን ሌላውን ቅኝት ለጊዜው አይንኩት። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ስለሆነ፣ እርስዎ ከጃዝ የሚያመጡለትን ውጥረት በዶና በሶል ፍላት መካከል አስቀድሞ ይዞታል።

ለቀጣዩ መድረክ የመጀመሪያውን ግጥም ዘፋኙ በለመደው ኮርድ ይጫወቱለት፤ ለውጡ ከአዝማቹ በኋላ ይምጣ።