ሸክላው በዛብኝ፣ የቱን ላስቀር?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች መሃል ስለ ሙዚቃ ሸክላ የሚያወሩት በርከት ብለዋል። ጭንቀቱ ተመሳሳይ ነው፦ ሸክላው በዝቷል፣ ቦታው አልቋል፣ እጅ ግን አልጨክን ብሏል። አምስቱን መርጠናል፤ የመጀመሪያው ላይ ቆየት እንላለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሸክላ መሰብሰብ ከጀመርኩ ዓመታት ሆነኝ፤ አሁን ወደ ሰባት መቶ ደርሰዋል። መደርደሪያው ሞላ፣ ከዚያ ወለሉ፣ ከዚያ አልጋ ሥር። የሚገርመው ግን የምሰማው ያንኑ ሠላሳ አርባውን ነው። ልቀንስ ብዬ እነሳና አንዷን ስመዝ «ይቺማ አትሸጥም» ብዬ እመልሳታለሁ። ከየት ልጀምር? መተላለፊያ ያጣሁ ነኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መቀየር ያለብህ ጥያቄውን ነው። አንዱን ሸክላ መዝዘህ፣ ሽፋኑን እያገላበጥክ «ትውጣ ወይስ ትቅር?» ካልክ መልሱ ምንጊዜም «ትቅር» ነው። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በሠላሳ የሚያህል ሥዕል ይዘህ ጭካኔውን ከየት ታመጣዋለህ! ሽፋኑ እኮ የተሠራው ሰው እንዲገዛው ነው። አሁንም ራሱን እየሸጠልህ ነው።

ስለዚህ ከመደርደሪያው ራቅ በል። ሌላ ክፍል ግባ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። ቤቱ ውስጥ አንድም ሸክላ የለም እንበል። ነገ ከዜሮ ብትጀምር የትኞቹን መልሰህ ትገዛለህ? በቃልህ ጻፋቸው። ስልክ አይፈቀድም። የመዘገብክበት ደብተር ካለም አትክፈተው። በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈሩት፣ መቶም ይሁኑ ሁለት መቶ፣ ያለ ክርክር ይቀራሉ። ስለነሱ ሁለተኛ አታስብ።

የቀሩት ላይ ግን ዛሬውኑ አትፍረድ፤ እነሱን መደርደሪያው ራሱ ይለይልሃል። ሰምተህ የጨረስከውን ሸክላ ወደ ድሮ ቦታው አትመልሰው፣ ግራ ጫፍ ላይ አስገባው። የፊደል ተራውን ለጊዜው እርሳው (በፊደል ተራ የሚደረድር ሰው ይሄን ሲሰማ ያመዋል፣ ግን ይቻለው)። ጥቂት ወራት ቆይተህ ስታይ የምትሰማቸው በሙሉ ግራ በኩል ተሰብስበዋል፣ የማትነካቸው ደግሞ እየተገፉ እየተገፉ ቀኝ ጥግ ደርሰዋል። ከቀኝ ጀምረህ ታወጣለህ። በጣም ካሳሳህ ይግባኝ ይፈቀድ፦ ከመውጣቱ በፊት አንዱን ገጽ ሙሉውን ቁጭ ብለህ ስማው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስልክህን መነካካት ከጀመርክ ጉዳዩ ተዘግቷል።

እንዲያም ሆኖ ድርቅ የሚሉ አሉ። «ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሁሉ ሊኖረው ይገባል» የተባለላቸው፣ አንተ ግን ሁለተኛውን ገጽ ገልብጠህ የማታውቃቸው ዝነኛ አልበሞች አሉ። ሽጣቸው፣ ማንም መጥቶ አይፈትንህም። ለአንድ ዘፈን ብለህ የገዛኸውም አለ፤ ዘፈኑ በትንሿ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ በምትዞረው ሸክላ ከተገኘ እሷን ያዝና ትልቁን ሸኘው። ከሁሉ የባሱት ግን «የሱን ሥራ ሙሉውን አለኝ» ለማለት ብቻ የቆዩት ናቸው። የምትወደው ዘፋኝ አሥራ አምስት አልበም ቢያወጣ አምስቱ የሚረባ ነገር እንደሌላቸው አንተም ልብህ ያውቀዋል፣ ምናልባት ዘፋኙም ያውቀዋል። አንዱም ሳይጎድል መያዝ የሙዚየም ሥራ ነው። ሙዚየም ደግሞ አልጋ ሥር አያስቀምጥም።

ሁለት ሁለት የሆኑብህ ካሉ ቀላል ይመስላል፣ ግን አትቸኩል። በእርግጥ አንድ መሆናቸውን አጣራ። ከመጨረሻው ዘፈን እስከ መሃሉ ክብ ወረቀት ድረስ ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ የተጫሩ ፊደሎችና ቁጥሮች አሉ። መብራት ሥር ያዝና ሸክላውን ቀስ እያልክ አዘንብለው፣ ብርሃኑ ሲያገኛቸው ብቅ ይላሉ። የትኛው ህትመት እንደሆነ የሚያሳብቁት እነሱ ናቸው፤ ሽፋኑ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል። ደግሞም ስቴሪዮ (ድምፁ ግራና ቀኝ የተከፈለ) ሸክላ ገበያ ላይ መዘዋወር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ብዙ አልበም በሞኖም (ድምፁ ሳይከፈል) በስቴሪዮም ይታተም ነበር፤ አንዳንዱ ሚክሲንጉ (የድምፆቹ ቅልቅል) ጭምር የተለየ ነው። ሁለቱንም ስማና የጣመህን ያዝ።

አንድ ከሆኑ ደግሞ የተሻለውን ትመርጣለህ፣ ለዚህም የመጀመሪያውን ዘፈን ሳይሆን የመጨረሻውን ነው መስማት ያለብህ። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል። ጠርዙ ላይ መርፌው ሥር የሚያልፈው በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ወደ 20 ይወርዳል። ያው ድምፅ በትንሽ ቦታ ተጨናንቆ የተቀረጸው እዚያ ስለሆነ፣ ብዙ የተጫወተ ሸክላ ድካሙን መጀመሪያ የሚያሳየው መጨረሻው ዘፈን ላይ ነው፦ ዘፋኟ «ሰ» እና «ሸ» ያለበትን ቃል ስትል ድምፁ ይሻክራል። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር በየ1.8 ሰከንዱ ከተመለሰ ጭረት ነው፤ አንዱ ዙር የሚፈጀው ልክ ያን ያህል ነውና። ጊዜ ሳይጠብቅ የሚንጣጣ ከሆነ ግን አቧራ ሊሆን ስለሚችል ሳታጥበው አትፍረድበት።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ አይቶ ወደ ሦስት መቶ የሚሆን ሸክላዬን በጅምላ ልውሰደው አለኝ። ያቀረበልኝ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ከማየው ጋር ሲተያይ ያሳፍራል። ልስጠው ወይስ አንድ በአንድ ልሽጥ? የተጠራጠርኩ እህታችሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋጋው ስላነሰ ብቻ እያታለለሽ ነው ማለት አይቻልም። ሦስት መቶውን ሲወስድ የማይሸጡትንም አብሮ ነው የሚሸከመው፤ ያጥባል፣ ይሰማል፣ ቦታ ይይዝበታል፣ አንዳንዱ ለዓመታት ይቀመጥበታል። ይልቅ «ኢንተርኔት ላይ የማየው» ያልሽው ዋጋ የቱ ነው? ዲስኮግስ ላይ (እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ የሸክላ መዝገብና መገበያያ ድረ ገጽ ነው) የሚጠየቅ ዋጋ አለ፣ የተሸጠበት ዋጋም አለ። መጠየቅማ ማንም የፈለገውን ይጠይቃል። አንቺ የተሸጠበትን እይ፣ እሱንም እጅሽ ላይ ላለው ህትመት። ለመተላለፊያው ሰውዬ የነገርኩት፣ ሸክላው ላይ የተጫረው ቁጥር እዚህም ይሠራል።

እኔ ብሆን ሁለቱንም አደርጋለሁ። በደንብ ሊሸጡ የሚችሉትን ሃያ ሠላሳውን አውጥተሽ አንድ በአንድ ሽጪ፣ የቀረውን ለነጋዴው በጅምላ ስጪ። ምርጦቹ መውጣታቸውን ግን ንገሪው፤ ዋጋውን ይቀንሳል፣ እውነቱን ነው። ሦስት መቶውንም አንድ በአንድ ልሽጥ ካልሽ ግን ፎቶ ማንሳቱ፣ ጥያቄ መመለሱ፣ ማሸጉ፣ ፖስታ ቤት መመላለሱ ሌላ ሥራ ነው፤ ትርፍ ጊዜ ከሌለሽ አትግቢበት።

አንድ በአንድ ስትሸጪ ገዢዎች የሚግባቡት ጎልድማይን በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ደረጃ ነው። ከላይ «ሚንት» እና «ኒር ሚንት» አሉ፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ ፕላስ» እያለ ይወርዳል። «ጉድ» ላይ ሲደርስ በጣም የተጫወተ፣ ድምፁ የሚንጫጫ ሸክላ ማለት ነው። ሽፋኑና ሸክላው ለየብቻ ነው ደረጃ የሚሰጣቸው። ጭረት ካየሽ ጥፍርሽን ቀስ አድርገሽ አሳልፊበት፣ ከያዘው አብዛኛውን ጊዜ ሲጫወት ይሰማል፣ ስለዚህ ጻፊው። ከተጠራጠርሽ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጊ፤ ተናዶ ከሚመልስልሽ ገዢ ያድንሻል። የአንዱን ህትመት ሸክላ በሌላው ሽፋን ከትቶ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው።

ስትልኪ ደግሞ ሸክላውን ከነውስጥ ወረቀቱ ከሽፋኑ አውጪና ከጀርባው አድርጊው። ውስጥ ከተተወ መንገድ ላይ እየተገፋ የሽፋኑን ጠርዝ ይተረትረዋል። ካርቶኑንም አትሙይው፤ መቶ ሸክላ ከነሽፋኑ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል።

ጥያቄ፦ አባታችን ትተውልን ካለፉት ዕቃዎች መሃል አንድ ሣጥን ከባድ ከባድ የድሮ ሸክላ አለ። ማጫወቻዬ ላይ አንዱን ብሞክረው ድምፁ እየተጎተተ ያጉረመርማል፣ ከዘፈኑ ይልቅ ጩኸቱ ያይላል። በአልኮል አጥቤ ልሽጣቸው ወይስ ይጣሉ?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ከሁሉ በፊት አልኮሉን ያስቀምጡት! እርስዎ የያዟቸው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ይመስላሉ። የኋለኞቹ ሸክላዎች ፕላስቲክ ናቸው፣ እነዚህ ግን አብዛኞቹ ሼላክ ከተባለ፣ ትንንሽ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ነው የተሠሩት። ሼላክ አልኮል ሲያገኘው ይሟሟል። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጥረጓቸው። በጣም ከቆሸሹ በተጣራ ውሃ ትንሽ እርጥብ ባደረጉት ጨርቅ ወልውለው ወዲያው ያድርቁ፤ መሃሉን ወረቀት ውሃ አያስነኩት።

ድምፁ የሚጎተተው በ33 ስላጫወቱት ነው። ጩኸቱ የመጣው ደግሞ ከመርፌው ነው። የነዚህ፣ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፊ ስለሆነ ጫፉ 70 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) አካባቢ የሆነ መርፌ ይፈልጋል፣ የተለመደው መርፌ ግን ወደ 18 ማይክሮን ነውና ቦዩ ግርጌ ወርዶ ቆሻሻውን ነው የሚያነብልዎ። ስለዚህ በዚያ ድምፅ አይፍረዱባቸው። ፍጥነቱም መርፌውም ያለው ሰው ፈልገው ያስሰሟቸው።

የመጣሉን ነገር ወረቀታቸውን ሳያነቡ አያስቡት። ረጅም ተጫዋቹ፣ በ33⅓ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ከዚያ በፊት ከተቀረጸው ብዙው ዳግም አልታተመም። በብዛት የተሸጡ የዘመኑ ዘፈኖች እምብዛም ፈላጊ የላቸውም። በጥቂቱ የታተመ፣ የአገር ባህል ዘፈን ወይም ንግግር ያለበት ከሆነ ግን ከገዢ በፊት የሙዚቃ ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይም የድምፅ መዛግብት የሚይዝ ተቋም ቢያየው መልካም ነው። እስከዚያው ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው፣ ከወደቁ እንደ ሳህን ይሰበራሉ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ቀድቼ ሸክላዎቹን ባስወግድስ?

መልስ፦ «ሁሉንም» የሚለው ነው ችግሩ። ሸክላ በፍጥነት አይቀዳም፣ አርባ ደቂቃ አልበም አርባ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ ዘፈኖቹን መቆራረጥ አለ፣ ስም መስጠት አለ። መቶኛው ላይ ሳትደርስ ትሰለቻለህ። መጀመሪያ የትኞቹ በሌላ መንገድ እንደማይገኙ ለይና እነሱን ብቻ ቅዳ፤ የቀሩት በሲዲም በስልክም አሉ። ስትቀዳ የድምፅ ጥራቱ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ቢሆን በቂ ነው። ከድምፁ ምንም በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዌቭ ወይም በፍላክ አስቀምጥ እንጂ ኤምፒስሪ ላይ አትጨፍልቀው፣ ኤምፒስሪውን በኋላ ስትፈልግ ታወጣዋለህ። ሁለት ቦታ ሳታስቀምጥና ከፍተህ ሳትሰማ ዋናውን ከቤት አታውጣ።

ጥያቄ፦ ከለየሁ በኋላ ማንም የማይገዛቸው፣ የተጣመሙና የሚዘሉ ቀሩኝ። ምን ይደረጋሉ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሽፋናቸውን እይ። ሸክላው የሞተ ሆኖ ሽፋኑ ንጹህ ከሆነ፣ ያንኑ ህትመት ሽፋኑ ተቀዶበት የያዘ ሰው ይፈልገዋል። ሸክላውን ግን አታቃጥለው፤ ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ነው፣ ጭሱ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ይለቃል። ከተራ ፕላስቲክ ጋርም አትቀላቅለው፣ ብዙ ቦታ ፒቪሲ አይቀበሉም፤ ከመጣልህ በፊት ጠይቅ። በምድጃ አሙቀው ጎድጓዳ ሳህን የሚያደርጉትም አሉ። ለቁልፍና ለሳንቲም ይሁን፤ አንዳንዱ የድሮ ሸክላ ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ማረጋጊያ ስለተጨመረ ምግብ አይቀመጥበትም።