ዲናሞ መጠቅለል እየቻልኩ ካምፓስ ልግባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ዲናሞ ጥቅለላ ቤት፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደገና የሚጠቀለልበት፣ እሠራለሁ። ሙያውን ያወቅሁት ከአሠሪዬና ከዩቲዩብ ነው። አሁን ከራሴ አልፌ ቤተሰብ እረዳለሁ። ዘንድሮ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመደብኩ። ምህንድስና ልማር ብል ዓመታት ይፈጃል። ተመርቀው ቤት የተቀመጡ የሰፈሬ ልጆች አሉ። አባቴ ደግሞ «ዲግሪህን ሳላይ እንዳልሞት» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግባ። ለምን እንደምልህ ልንገርህ።

እኔም የፖሊ፣ የዚሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ካምፓስ፣ ልጅ ነኝ። ተመርቄ ሥራ ሳጣ አንድ ጥቅለላ ቤት ገባሁ። ዲግሪ ይዤ አንድ ጥቅል በወጉ ማስገባት አቃተኝ። ሽቦውን ስገፋው ቫርኒሹ ይላጣል፤ ሲሞከር ሾርት ያደርጋል። ባለቤቱ እጄን ይዘው «አትግፋ፣ አንሸራት» እያሉ አስተማሩኝ። ካምፓስ ደጅ ረግጠው አያውቁም። ይህ እጅ አንተ ጋ አለ፤ ትልቅ ሀብት ነው።

አንድ ቀን የወፍጮ ቤት ስሪ ፌዝ ሞተር፣ በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር (ፌዝ) የሚሠራ፣ መጣ። በሁለት ወር ሦስተኛ ቃጠሎው ነው። ስንከፍተው እንደበፊቱ የአንዱ ፌዝ ጥቅል ብቻ ከስሏል። የቀሩት ሁለቱ ያብረቀርቃሉ። የጥቅለላ ቤቱ ባለቤት አንዴ አይተው «ፌዝ ይጎድልበታል» አሉ። ዴልታ ለታሰረ፣ ማለትም ሦስቱ ጥቅሎች በሦስት ማዕዘን ለተያያዙበት ሞተር ትክክለኛ ምልክቱ ነው። ግን ቀደም ሲል እዚያው ሄደው፣ ሞተሩ እየዞረ ቮልት ለክተው ነበር። ሦስቱም ደህና ስለሆነባቸው ጥፋቱን በሽቦው ጥራት አላከኩ።

ያኔ የፖሊ ላብራቶሪ ትዝ አለኝ። እየዞረ ያለ ሞተር አንድ ፌዝ ሲቋረጥበት፣ የጎደለውን ቮልት ራሱ ያመነጫል። ቮልት ሜትሩ ጤነኛ ያስመስለዋል። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወፍጮ ቤቱ ደረስን። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ ሦስቱን ሽቦ በክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር በሚለካው፣ ተራ በተራ ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ አምፔሩ ዜሮ! ኮንታክተሩን፣ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ፣ ስንፈታው አንዱ መገናኛ ተበልቷል፤ ሲግል ይለቃል። ቀየርነው። ያ ሞተር ሁለተኛ እኛ ጋ አልመጣም።

ይህን ኢንተርኔት ላይ አታገኘውም? ታገኘዋለህ። ስመ ጥሩው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እንኳ ትምህርቱን በነፃ መልቀቅ ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ችግሩ፣ ቮልት ሜትሩ «ደህና ነው» ካለህ ምን ብለህ ትፈልጋለህ? እኔን ያዳነኝ ልክ ነው ብዬ ያስገባሁትን ሪፖርት በቀይ ሰርዞ «ለምን?» ያለኝ መምህር ነው። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

የሰፈርህ ልጆች ነገር እውነት ነው፤ ያማልም። ዲግሪ ብቻውን ሥራ አያመጣም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም። አንተ ግን ሙያ ይዘህ ነው የምትገባው። ፖሊም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ዓላማው በእጁ የሚሠራ ቴክኒሻን ማፍራት ነበር። ወርክሾፑ ላይ አትሽኮርመም፤ ማሽኑን ቅደምና ያዝ።

ከመግባትህ በፊት የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ ተፈተን። የት ተማርክ ሳይሆን ምን ትችላለህ ነው የሚባለው። ካምፓሱ ከተማህ ውስጥ ስለሆነ ባጃጅ ይዘህ ሱቅህ ትደርሳለህ። አሠሪህን ዛሬውኑ አነጋግር፤ ቅዳሜንና ክረምቱን አንተ ጋ እሠራለሁ በለው።