ካርቡሬተሩ መጨረሻ ይነካል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቮልስና ስለ ፔጆ 404 ናቸው። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የቀረችኝ ቮልስ 1300 አለችኝ። በሚኒሞ (ቆማ ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች፣ ቤንዚንም ትበላለች። የካርቡሬተሩን ብሎን ወዲያና ወዲህ ባዞረውም ለውጥ የለም። አሁን ካንዴላ (የእሳት ብልጭታ ሰጪ)፣ ፑንቲና (የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው) እና ኮንዴንሰር (የፑንቲናውን ፊት ከመቃጠል የሚጠብቀው) ገዝቻለሁ። ከዚህ በፊት ቁልፍ ይዤ አላውቅም፤ ከየት ልጀምር? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የካርቡሬተሩን ብሎን ለጊዜው ይተዉት። የጀማሪ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ ፊት ለፊት ስለሚታይና በካቻቢቴ ብቻ ስለሚዞር። ካርቡሬተር ግን ሌላው ሁሉ ልክ ከሆነ በኋላ የሚስተካከል ነገር ነው። ቅደም ተከተሉ ቫልቭ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበት ሰዓት)፣ ከዚያ ካርቡሬተር ነው። ቫልቩ በደንብ የማይዘጋ ሲሊንደር ምንም ዓይነት የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ቢሰጡት አይሠራም፤ የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ ደግሞ ታይሚንጉ አብሮት ይለወጣል። ቅደም ተከተሉን ካፋለሱ የሠሩትን መልሰው ያፈርሳሉ።

የሚያስፈልግዎት 13 እና 21 ቁልፍ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩበት የስስ ብረት ላማዎች)፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት የ12 ቮልት አምፖልና ሁለት የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ባትሪዎ ባለ 6 ቮልት ከሆነ አምፖሉም የ6 ቮልት ይሁን።

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህ ማለት መኪናዋ ሳትነሳ አድራ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ የመታው ሞተር ቀዝቃዛ አይባልም። የዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ያንሱና የዲናሞውን ፑሌጃ ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘው ሞተሩን ያዙሩ። ቺንጋው (ቀበቶው) ከተንሸራተተ በሌላው እጅዎ ጫን ይበሉት። በውስጡ የሚዞረው ሮተር በዲስትሪቢውተሩ ከንፈር ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት ሲያመለክትና የታችኛው ፑሌጃ ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም 1ኛው ሲሊንደር ላይ ነዎት። የቮልስ 1ኛ ሲሊንደር ከሾፌሩ በተቃራኒ ወገን፣ ወደ መኪናዋ ፊት ያለው ነው፤ ከእሱ ኋላ 2ኛው አለ። በሾፌሩ ወገን የፊተኛው 3ኛ፣ የኋለኛው 4ኛ ነው።

የዚያን ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። በሞተሩ ማራገቢያ ቤት ላይ ሌላ ቁጥር የሚል ወረቀት ተለጥፎ ካገኙ እሱን ይከተሉ። ላማው ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት። የቫልቩን ማስተካከያ ዳዶ ሲያጠብቁ መሃሉ ያለው ብሎን አብሮ ስለሚዞር ካጠበቁ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ከጀማሪ ስህተት ግማሹ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የታችኛውን ፑሌጃ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ግማሽ ዙር ያዙሩና 2ኛውን ይሥሩ፤ በየግማሽ ዙሩ 3ኛው፣ ከዚያ 4ኛው ይመጣል። የቮልስ የእሳት ተራ 1-4-3-2 በመሆኑ ወደ ኋላ ሲያዞሩት 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሆኖ ይገኛል።

ካንዴላውን የሚፈቱትም ሞተሩ በቀዘቀዘበት ነው፤ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) አሉሚኒየም ስለሆነ ሲግል ጥርሱ ይላጣል። አሮጌዎቹን በተራቸው ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ቀለማቸውን ይዩ። የቡና ወተት መልክ ያለው ደህና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ እርጥብና ቅባታም ጥቁር ዘይት መግባቱን ይናገራል። ነጭና የፈላ መልክ ያለው ያሳስባል፦ ሲሊንደሩ ከልክ በላይ ግሏል። አዲሱን 0.6 ወይም 0.7 ከፍተው መጀመሪያ በጣትዎ ብቻ እስከ መጨረሻው ያስገቡት። ቁልፍ የሚያስፈልገው ጓርኒሲዮኑ ከነካ በኋላ ለሩብ ወይም ለግማሽ ዙር ነው።

ፑንቲናው 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ተረከዙ የካሙ (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረው ባለ ጉብታ ዘንግ) ጉብታ አናት ላይ ሲቀመጥ። ፊለር ጌጁ ዘይት ስለሚኖረው ከለኩ በኋላ የፑንቲናውን ፊት በንጹህ ወረቀት ይጥረጉ፤ ዘይት የነካው ፊት ቶሎ ይቃጠላል። ካሙ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ግሪስ ይቀቡ። ያለ ግሪስ ተረከዙ እየተበላ ክፍተቱ ይጠብባል፣ እሳቱም ይዘገያል። ስለ ኮንዴንሰሩ የእኛ ምክር ይህ ነው፦ የአሮጌው ፑንቲና ፊት ካልጎደጎደና ካልጠቆረ አሮጌው ኮንዴንሰር ደህና ስለሆነ አይንኩት። አዲሱን መኪናዋ ውስጥ ለመጠባበቂያ ያስቀምጡ።

ወደ ታይሚንግ ስንሄድ፣ ብዙዎቹ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 1300 ሞተሮች ፒስቶኑ አናት ላይ ከመድረሱ በፊት 7.5 ዲግሪ ላይ የሚያቃጥሉ ናቸው። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል) ላይ 1 ተብሎ ከተጻፈበት ጫፍ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ያገናኙና የሞተሩን ማስነሻ ቁልፍ ይክፈቱ። ፑሌጃውን በሰዓት አቆጣጠር አዙረው የ7.5 ምልክቱን ከመጋጠሚያው መስመር ላይ ያቁሙ፤ ሮተሩም ወደ 1ኛው ጭረት ማመልከት አለበት። የዲስትሪቢውተሩን ማነቂያ ላላ ያድርጉ፣ አምፖሉ እስኪጠፋ በሰዓት አቆጣጠር ያዙሩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመልሱት። አምፖሉ ቦግ ባለባት ቅጽበት አቁመው ያጥብቁ። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን ይዝጉ፤ ፑንቲናው ተገጣጥሞ ቁልፉ ክፍት ከቆየ ቦቢናው ይቃጠላል።

አሁን ካርቡሬተሩ። ሞተሩን በደንብ አሙቀው ያጥፉት፣ የሚኒሞ ድብልቁን ብሎን እስኪነካ በቀስታ ያስገቡት። ካስጨነቁት ሹል ጫፉ ይጎዳና ከዚያ በኋላ አይስተካከልም። አንድ ዙር ተኩል ይመልሱትና ሞተሩን ያስነሱ። ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ይፈልጉ፣ መውረድ እስኪጀምር ያስገቡ፣ ሩብ ዙር ይመልሱ። ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 850 ዙር ያውርዱት። ብሎኑ አሁንም ለውጥ ካላመጣ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው፦ በካርቡሬተሩ እግርና በቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ ውሃ ይርጩ፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ለዚህ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ሞተር ላይ እንዲህ ማድረግ እሳት መጥራት ነው። የቤንዚኑን ጎማም ጨብጠው ይፈትሹ፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ብዙ ቮልስ በዚህች ጎማ ምክንያት ተቃጥሏል።

ጥያቄ፦ የቮልሴ ቫልቭ ያንኳኳል። ድምፁ እንዲጠፋ ጠበቅ ላድርገው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሆንም። ቮልስ ላይ የሚያንኳኳ ቫልቭ ዝም ካለው ይሻላል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈበት ጊዜ ነው። ክፍተት ካጣ አያርፍም፤ ካላረፈ ጠርዙ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስቶን ላይ ይወድቃል። በተለይ 3ኛውን ይጠንቀቁ፦ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከዚህ ሲሊንደር በላይ ስለተቀመጠ ንፋሱ የሚደርሰው ሞቆና አንሶ ነው። የአንድ ቫልቭ ክፍተት በየልኬቱ እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተለጠጠ ወይም መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ነው። ቴስታታውን ለማስወረድ ያስቡ፤ ደጋግሞ ማላላት መድኃኒት አይሆነውም። 

ጥያቄ፦ ፔጆ 404 አለኝ። የካንዴላ ገመዶቹን በሙሉ አውልቄ አጸዳሁና በ1-3-4-2 ተራ መለስኳቸው። አሁን አትነሳም፣ በካርቡሬተሩ በኩል ትተኩሳለች። ተራው ተሳስቷል? (ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ ተራው ልክ ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። እርስዎ 1ኛውን ከራዲያተሩ ወገን ሳይቆጥሩ አልቀሩም። ፔጆ ግን 1ኛ የሚለው በፍሪሲዮኑ ወገን፣ ወደ ሾፌሩ ያለውን ነው። 1ኛውና 4ኛው ፒስቶን እኩል ወጥተው እኩል ስለሚወርዱ ምልክቱ የገጠመ ይመስላል፤ እሳቱ የሚደርሰው ግን ጭስ በሚወጣበትና አየር በሚገባበት ሰዓት ነው፣ ተኩሱም ከዚያ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የ1ኛውንና የ4ኛውን፣ የ2ኛውንና የ3ኛውን ገመዶች ያቀያይሩ። ለወደፊቱ አንድ ገመድ ሳይመልሱ ሌላውን አያውልቁ፤ ወይም በየገመዱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቁጥር ይጻፉ።

የቫልቩን ክዳን ከከፈቱ ክፍተቱንም አብረው ይለኩ። በቀዝቃዛ ሞተር መግቢያው 0.10፣ መውጫው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። የ1ኛው መውጫ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የ3ኛውን መግቢያና የ4ኛውን መውጫ ያስተካክሉ። የ3ኛው መውጫ ሲከፈት የ4ኛው መግቢያና የ2ኛው መውጫ፤ የ4ኛው ሲከፈት የ2ኛው መግቢያና የ1ኛው መውጫ፤ የ2ኛው ሲከፈት የ1ኛው መግቢያና የ3ኛው መውጫ ነው። ይህን በወረቀት ጽፈው ቦኔቱ ላይ ይለጥፉት። ፑንቲናው 0.4፣ ካንዴላው 0.6 ነው።

ጥያቄ፦ በፔጆ 404 ከድሬዳዋ ሐረር እመላለሳለሁ። ድሬ ላይ ደህና ናት። የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ግን ውሃ ታፈላለች፣ ሐረር ስትደርስ ደግሞ ጥቁር ታጨሳለች። ካርቡሬተሩን ሐረር ላይ ላስተካክለው? (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች ለየብቻ ናቸው። ማፍላቱን ከካርቡሬተሩ አይፈልጉት። መጀመሪያ ፑንቲናውን ይለኩ፤ ክፍተቱ ጠቦ እሳቱ ከዘገየ ሙቀቱ ወደ ቴስታታውና ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ ዳገት ላይም ይብሳል። ቀጥሎ ማራገቢያው። የብዙዎቹ 404 ማራገቢያ ሁልጊዜ ከፑሌጃው ጋር አይዞርም፤ ውሃው ሲግል በኤሌክትሪክ ማግኔት ይያዛል። ኤሌክትሪኩ የሚደርሰው በትንሽ ካርቦን ነው፤ ካርቦኑ ካለቀ ወይም ሽቦው ከተፈታ ማራገቢያው በንፋስ ብቻ እየተንከላወሰ የሚሠራ ይመስላል። ሜዳ ላይ የመኪናው ሩጫ ንፋሱን ስለሚሰጥ አይታወቅም፤ ደንገጎ ላይ በ2ኛ ማርሽ ሲወጡ ግን ይጋለጣል። ቆመው ሞተሩን እስኪግል ያሠሩትና ይመልከቱ፦ ማራገቢያው ተይዞ በኃይል ካልነፋ ችግሩ እሱ ነው።

ጥቁር ጭሱ የከፍታ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ በየ100 ሜትሩ አየሩ በግምት 1 በመቶ ይሳሳል፣ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያ ልክ አይቀንስም። ጭሱ ስስ ከሆነና የአየር ማጣሪያው ንጹህ ከሆነ ይታገሱት። ሐረር ላይ ቤንዚኑን ቀንሰው ካስተካከሉት ድሬ ሲወርዱ በዚያ ሙቀት ቤንዚን ያጥርበታል፣ ቫልቭና ፒስቶንም ያቃጥላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ መኪና የሚስተካከለው ታች ነው። ጭሱ ወፍራም ከሆነ ግን የሚኒሞውን ብሎን አይንኩ፤ እሱ የሚገዛው ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ብቻ ነው። ማጣሪያውን ከአቧራ ያጽዱ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይዩ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚን ገብቶበት እንዳልከበደ አውጥተው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት።