ላይብረሪው «ታይሞል» ስላለ ታይሞል አይሆንም

«ከዱር ጦስኝ ዘይት አንጥሬ ጂሲ-ኤምኤስ (የዘይቱን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ ሰባብሮ በክብደት የሚለካ ማሽን) አስመረመርኩ፤ በ96 ከመቶ ታይሞል ነው ተባልኩ። ዲስክ (ዘይት የነካ ክብ ወረቀት) ላይ ግን ባክቴሪያውን እምብዛም አልገታም። የት ጋ ተበላሸ?» ላልሽው እህቴ፦

1. በዚያ 96 አትተማመኚ፤ የናሙናሽ ስብርባሪ በላይብረሪው (በማሽኑ የታወቁ ንጥረ ነገሮች መዝገብ) ካለው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል እንጂ የታይሞሉን መጠን አይናገርም። ታይሞልም፣ መንትያው የጦስኝ ንጥረ ነገር ካርቫክሮልም ሞለኪውላዊ ክብደታቸው 150 ነው፤ ሲሰባበሩ የሁለቱም ትልቁ ፒክ 135 ላይ ይወጣል። የሚለያቸው ሪቴንሽን ኢንዴክስ (ከኮለሙ፣ ማለትም ከመለያያ ቱቦው፣ የሚወጡበት ሰዓት ከአልኬኖች አንጻር ሲሰላ) ነው። 5 ከመቶ ፌኒል ባለው ኮለም ታይሞል 1290፣ ካርቫክሮል 1300 አካባቢ ይወጣሉ። ለዚህ የኖርማል አልኬን (ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያላቸው ሃይድሮካርቦኖች) ድብልቅ ዘይቱ ባለፈበት በዚያው የሙቀት ፕሮግራም ማለፍ አለበት። ለምሳሌ ባለ 12 ካርቦኑ በ20 ደቂቃ፣ ባለ 13ቱ በ24 ከወጣ፣ በ23.6 የወጣው ፒክ 1290 ነው። ይቺን አንዲት ተጨማሪ ዙር ሳይሠሩ የላይብረሪ ወረቀት አትመው «ውጤት» የሚሉ ላብራቶሪዎች ሞልተዋል፤ ብትጠይቂ «ማሽኑ ያለው ነው» ይሉሻል። ማሽኑ ምንም አላለም! ጥሬ ፋይሉን ሳትቀበዪ አትውጪ። መጠኑንም ከኤምኤስ ሳይሆን ከኤፍአይዲ (በነበልባል የሚለካ መቁጠሪያ) ውሰጂ።

2. ማንጠሩን በአጭሩ፦ ጥላ ውስጥ የደረቀ 100 ግራም፣ 1 ሊትር ውኃ፣ ክሌቬንጀር (ዘይት ማንጠሪያ የመስታወት መሣሪያ) ላይ 3 ሰዓት። አታድቅቂው፤ ዘይቱ ገና ሲፈጭ ይተናል። ውኃ በሌለው ሶዲየም ሰልፌት አድርቀሽ፣ ጥቁር ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልተሽ 4 ዲግሪ ላይ አስቀምጪ። አየር ካገኘው ጋማ-ተርፒኒኑ ወደ ፓራ-ሳይሚን ይለወጣል፤ አሮጌ ዘይት የሚታወቀው አንዱ በዚህ ነው።

3. የዲስኩ ነገር ታይሞል ከመባሉ ጋር አይያያዝም፤ ካርቫክሮልም ቢሆን ባክቴሪያ ይገድላል። ጥፋቱ ያለው ዘዴው ላይ ነው። ዘይት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ውስጥ በደንብ አይሰራጭም፣ ከዲስኩም ላይ ይተናል፤ ስለዚህ የቀለበቱ ስፋት ስለ ኃይሉ ብዙ አይነግርሽም። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በብሮዝ (ፈሳሽ የባክቴሪያ ምግብ) ደረጃ በደረጃ አቅጥኚው። ዲኤምኤስኦ (ዘይቱን የሚያሟሟው ፈሳሽ) በመጨረሻው ድብልቅ ከ1 ከመቶ አይለፍ፤ ትዊን 80 (ዘይትን ከውኃ የሚያዋህድ ሳሙና መሰል ነገር) የዘይቱን ኃይል ሊያዳክም ስለሚችል በእሱ ፋንታ 0.15 ከመቶ አጋር ይሻላል። ባክቴሪያው በሚሊ ሊትር 500,000 አካባቢ ይሁን። ከሁሉ በላይ ፕሌቱን አሽጊ፣ በናሙናዎችም መካከል ባዶ ረድፍ ተዪ፤ ካልሆነ ዘይት ከበዛበት ጉድጓድ የሚነሣው ትነት ጎረቤቱን ይገድልና ዘይትሽ ከሆነው በላይ ኃይለኛ ይመስላል። ዘይቱ ብሮዙን ስለሚያደፈርስ በዓይን አታንብቢ፤ ሬዛዙሪን (ሕያው ባክቴሪያ ቀለሙን የሚለውጠው ማቅለሚያ) ጨምሪ፣ ሰማያዊ ከቀረ ዕድገት የለም፣ ሮዝ ከሆነ አለ። ባክቴሪያ ከዲኤምኤስኦና ከአጋር ጋር ኖሮ ዘይት የሌለበት ጉድጓድ ሮዝ ካልሆነ ፕሌቱን በሙሉ ጣዪው።

ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ላይ ባይሠራ አትደንግጪ፤ የውጭ ሽፋኑና የማስወጫ ፓምፖቹ ብዙ ዘይት ይቋቋማሉ። ስታፊሎኮከስ ላይም ካልሠራ ግን መጀመሪያ የብልቃጡን ዕድሜ እዪ።