ከማኅበሩ ለወጣች አገር ማን ይናገርላታል?

ልጆቼ፣

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ከምታጠኑ ወጣቶች ጋር ስገናኝ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። አንድ አገር ከአካባቢዋ ማኅበር ብትወጣ ምን ይቀርባታል? ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ላይ ግን ትሞቃላችሁ። ግማሻችሁ “ነፃ ትወጣለች” ትላላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ “ብቻዋን ትቀራለች”። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ሁለቱም አይዋጡልኝም። የወጣች አገር ወዳጅ አታጣም። ወዳጆቿን የምታገኝበት መንገድ ግን ይለወጣል፤ ዋጋውም የሚወደደው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ለማየት እንደኔ ከሞሮኮ የተሻለ ምሳሌ የለም። ታሪኩ የጀመረውም የተዘጋውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።

ኖቬምበር 1984 ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ተሰበሰቡ። የምዕራብ ሰሐራን ነፃነት ያወጀው የሰሐራዊ ሪፐብሊክ ልዑካን በአባልነት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሞሮኮ ደግሞ ያ ምድር የራሴ ግዛት ነው ባይ ናት። የንጉሥ ሐሰን ዳግማዊ መልእክት ተነበበና ልዑካኗ ጥለው ወጡ። ከጎኗ የቆመችው ዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ነበረች፤ እሷም ተሳትፎዋን አቋረጠች እንጂ አባልነቷን አልተወችም።

ከዚያስ? ሞሮኮ ፊቷን ወደ ሰሜን አዞረች። በ1987 የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል ልሁን ብላ ማመልከቻ አስገባች። “አንቺ የአውሮፓ አገር አይደለሽም” ተብላ ተመለሰች። ሆኖም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ፈረንሳይን ዋና ጠበቃዋ አደረገች። አሜሪካ በ2004 ከኔቶ ውጭ ካሉ ዋና አጋሮቿ ተርታ አስገባቻት። አውሮፓ ኅብረት በ2008 ላቅ ያለ የአጋርነት ደረጃ ሰጣት። በ2011 የባሕረ ሰላጤው አገሮች ምክር ቤት ሳይቀር ነይ ብሎ ጋበዛት። እንግዲህ ይህችን አገር “ብቻዋን ቀረች” ማለት አይቻልም።

የጎደለው ሌላ ቦታ ነበር። እሱን ለመረዳት ስብሰባ ውስጡ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለባችሁ። ስብሰባ ማለት በቴሌቪዥን የምታዩት የመሪዎች ንግግር አይደለም። ዋናው ሥራ ያለው ረቂቁ ላይ ነው። የውሳኔው ረቂቅ ይበተናል፤ በየቋንቋው ሊቀርብ ትርጉሙም አብሮ ይሯሯጣል። አንድ ልዑክ እጁን ያወጣና “አንቀጽ ስድስት ይውጣልን” ይላል። ሌላው ይቃወማል። ሰብሳቢው “በቡና ሰዓት ተነጋገሩና አንድ ነገር ይዛችሁልኝ ኑ” ይላቸዋል። ሁለቱ ጥግ ይዘው፣ እስክሪብቶ በእጃቸው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲያሻሽሉ ቡናው ይቀዘቅዛል። ሲመለሱ የተስማሙበት ይነበባል፣ ይጸድቃል፣ የአህጉሪቱ አቋም ይባላል። ያ ወረቀት በነጋታው ኒው ዮርክ፣ በተባበሩት መንግሥታት ይጠቀሳል።

ሞሮኮ ለሠላሳ ዓመት ከዚህ ጥግ ጠፍታ ነበር። የሰሐራ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሰሐራዊቷ ሪፐብሊክ አለች፣ ደጋፊዋ አልጄሪያ አለች፣ ሞሮኮ የለችም። የአንድነት ድርጅቱን የተካው የአፍሪካ ኅብረት ሲቋቋም የሰላምና ጸጥታ ኮሚሽነርነቱን ከ2003 ጀምሮ ሦስት አልጄሪያውያን ተከታትለው ያዙት። ሰዎቹ አዳሉ ማለቴ አይደለም። አንድ አገር ተቀናቃኟ ባለበት ቤት ውስጥ የሚናገርላት ከሌላት ፓሪስ ያለው ጠበቃ እዚያ አይደርስላትም። ፓሪስም ብትሆን ሁልጊዜ አትመችም። በ2014 ሁለቱ ተኳርፈው የፍትሕ ትብብራቸው አንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። በ2016 መጨረሻ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኅብረቱ ከሞሮኮ ጋር ያለው የንግድ ስምምነት ምዕራብ ሰሐራን አይመለከትም ብሎ ወሰነ።

ንጉሥ መሐመድ ስድስተኛ ወደ ደቡብ የተመለከቱት ግን ከዚያ ቀደም ብለው ነው። ባንኮቻቸው፣ አየር መንገዳቸው፣ የማዳበሪያ ኩባንያቸው ምዕራብ አፍሪካን አዳረሱ። ንጉሡ ራሳቸው አገር በአገር ዞሩ። ኖቬምበር 2016 እኛም ጋ መጡ፤ ድሬዳዋ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈረመ። ልብ በሉ፣ ኢትዮጵያ ለሰሐራዊቷ ሪፐብሊክ ከ1979 ጀምሮ ዕውቅና የሰጠች አገር ናት። ንጉሡ ይህን እያወቁ ነው የመጡት። እዚህ ላይ አከብራቸዋለሁ።

በጃንዋሪ 2017 ሠላሳ ዘጠኝ አገሮች ደግፈዋት ሞሮኮ ወደ አፍሪካ ኅብረት ተመለሰች። የወጣችበት ምክንያት ግን አልተወገደም፤ ሰሐራዊቷ ሪፐብሊክ ዛሬም አባል ናት። በዓመቱ ሞሮኮ የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ በርካታ የአፍሪካ አገሮች በምዕራብ ሰሐራ ከተሞች፣ ላዩንና ዳኽላ ላይ ቆንስላ ከፈቱ። ብዙዎች አሜሪካ በ2020 ምዕራብ ሰሐራ የሞሮኮ ነው ብላ የሰጠችውን ዕውቅና ነው የሚያወሩት። እሱም በነፃ አልመጣም፤ ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ከማደስ ጋር የተያያዘ ነበር። ለብቻ የሚደረግ ድርድር ይኸው ነው። እያንዳንዱ ወዳጅ የራሱን ሒሳብ ይዞ ይመጣል።

አሁን ማሊን፣ ቡርኪና ፋሶንና ኒጀርን ተመልከቱ። ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበር ከኤኮዋስ እንወጣለን ያሉት ጃንዋሪ 2024 ነው፤ በዓመቱ ወጡ። ቅሬታቸው መሠረት የለውም አልልም። ከ2023ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ኤኮዋስ ኒጀር ላይ ማዕቀብ ሲጥል ናይጄሪያ መብራት ቆረጠችባት። የተጎዳው መኮንኖቹ ሳይሆኑ ሕዝቡ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ ቆዩ ብሎ መምከር ይከብዳል። ሦስቱ የራሳቸውን ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፣ የፈረንሳይን ጦር አስወጡ፣ የሩሲያን አስገቡ፣ ድሮን ከቱርክ ገዙ። ባሕር ግን የላቸውም። ዕቃቸው የሚገባው አሁንም እንደ ሎሜና አቢጃን ባሉ የጎረቤት አገሮች ወደቦች ነው። በኤፕሪል 2025 ማሊ ከአልጄሪያ ጋር በድሮን ጉዳይ ስትጋጭ አምባሳደሮች ተጠሩ፣ የአየር ክልል ተዘጋ። ሞስኮ የቱንም ያህል ብትወድ አልጄሪያን ከድንበሩ አታነሳላቸውም።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኤርትራ በ2007 ኢትዮጵያ ሶማሊያ መግባቷን ተቃውማ ከምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ማኅበር ከኢጋድ ራሷን አገለለች። በሜይ 2009 ኢጋድ ማዕቀብ ይጣልባት ብሎ ጠየቀ፤ በዲሴምበር የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጣለባት። ረቂቁ ሲዘጋጅ “ይህ ይውጣልን” የሚል የአስመራ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የሚከራከርላት ጎረቤት ስላልነበራት ወደ ባሕረ ሰላጤው ዞረች፤ በየመኑ ጦርነት አሰብ የኤምሬቶች የጦር ሰፈር ሆነ። በ2018 ማዕቀቡ ተነሳ፣ በ2023 ወደ ኢጋድ ተመለሰች፣ በዲሴምበር 2025 እንደገና ወጣች።

ይህን ዜና ስትሰሙ በደስታም በንዴትም አትለፉት። ከመውጣቷ በፊት፣ ኦክቶበር 2024 ላይ፣ የግብፅና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ከኤርትራው ፕሬዚዳንት ጋር ተሰብስበው ነበር። ቀጥሎ የምትከታተሉት እሱን ነው፦ ማን ይጎበኛታል፣ ምን ይፈርማል፣ በምላሹስ ምን ይጠይቃል? የቀይ ባሕር ጉዳይ በኢጋድ ጠረጴዛ ሲነሳ አስመራ አትኖርም። እኛም እሷን የምናገኝበት አንድ መድረክ ጎደለብን፤ ይህ የእናንተ ትውልድ ሥራ ይሆናል። ወደ ውጭ ጉዳይ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ እንግሊዝኛው ብቻውን አይበቃችሁም። ትግርኛና ዐረብኛ አሁኑኑ ጀምሩ።